ኪስ ውስጥ ያደረው መርዶ

አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዷ በዚህ ጫፍ፣ ሌላዋ በዚያ ጫፍ ይይዛሉ፤ ወጥረው ያራግፉታል፤ ከዚያ እየተራመዱ መሐል ላይ ይገናኙና ጫፍ ከጫፍ ይገጥማሉ። አንዷ ስትቀበል ሌላዋ ጎንበስ ብላ እጥፉን ታነሣለች፤ ደግሞ ይለያያሉ። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ በነበረው የልብስ ማጠቢያ ቤት እኔና የሥራ ጓደኛዬ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስንገናኝና ስንለያይ ነበር የምንውለው። በዚያ ዘመን የልብን ማውራት የሚቻለው በዚያች በምንገናኝባት ቅጽበት ብቻ ነው። የካውያው እንፋሎት ይጮኻል፤ አለቃችን በመስታወቱ ያየናል፤ ነገር ግን ሁለት ሴቶች አንሶላ ሲገጥሙ የአንዷ አፍ ከሌላዋ ጆሮ አይርቅም።

ያን ዕለት ጠዋት መጀመሪያ ስንገናኝ «የአከራይሽ ልጅ» አለችኝና ወደ ኋላዋ ተመለሰች።

ሁለተኛ ስንገናኝ «ስመጣ መንገድ ዳር አየሁት። ከሌሎች ጋር ነው» አለችኝ።

በሦስተኛው ጫፉ ከእጄ ወደቀ። አነሣሁትና አቧራውን አራገፍኩ። «እሱ አይደለም» አልኳት። «እሱ ታስሯል እኮ። እናቱ ትናንት ስንቅ አድርሰውለት ዕቃው ባዶውን ተመልሷል።»

«ፊቱን አላየሁም፤ በደረቱ ነው የተደፋው። ሹራቡን ግን አውቀዋለሁ። ክርኑ ላይ ያንቺ ስፌት አለ።»

ስፌቱን እሷ እያየች ነበር የሰፋሁት። ልጁ ግራጫ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተበልቶበት፣ ከሥራ ቤቱ ከተጣለ አሮጌ የአውሮፕላን ብርድ ልብስ ሰማያዊ ክር መዝዤ፣ በምሳ ሰዓት ቁጭ ብዬ ደፈንኩለት። ያን ጊዜ ጓደኛዬ «የአውሮፕላን ክር ነው፤ አንድ ቀን በርሮ እንዳይሄድብሽ» ብላ ቀልዳ ሁለታችንም ስቀናል።

አንሶላውን አጥፈን ጨረስን። ከዚያ በኋላ እሷም አልጨመረችልኝ፣ እኔም አልጠየቅኋት።

እኔ የሰቆጣ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ የመጣሁት ከአንዲት አክስቴ ጋር ነው፤ እሷ ካረፈች በኋላ ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከአንዲት ባላቸው ከሞተባቸው ሴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር ነበር። እማማ ነበር የምላቸው። እሳቸውም ልጄ ይሉኛል፤ ሲቆጡኝ ደግሞ «አንቺ የሰቆጣ ሰው»። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጥተው ወሰዱት። ከቀበሌዎቹ በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እስር ቤት ነው የገባው ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ በየቀኑ ባለ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ ሞልተው በእግራቸው ያደርሱለታል። ጠባቂዎቹ በር ላይ ይቀበሏቸዋል፤ አስጠብቀው ባዶውን ዕቃ ይመልሱላቸዋል። ባዶው ዕቃ ደብዳቤያቸው ነበር። በልቷል ማለት አለ ማለት ነው።

ያን ዕለት ማታ ልነግራቸው ወስኜ ነበር የገባሁት። እማማ በር ላይ ጠበቁኝ፤ ምሳ ዕቃው በእጃቸው ነው።

«ዛሬ ጠርጎ በልቶልኛል!» አሉኝ። «እይው፣ በእንጀራው ወልውሎታል። ከሾላ ገበያ ያመጣሁት በርበሬ ነው የተስማማው። አላልኩሽም? የሰፈሩን በርበሬ አይወድም አላልኩሽም?»

ዕቃው ውስጥ አየሁ። እውነትም ተወልውሏል።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ይህችን ቃል ለንስሐ አባቴ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸው ከኃጢአት አልቆጠሯትም። እኔ ግን ቆጥሬያታለሁ። የሞተ ሰው ስንቅ ለበሉ ሰዎች፣ በጌታ ስም፣ አመሰገንኩ።

መርዶም ለብቻ አይነገርም። ይህን ለማንም መንገር አያሻኝም፤ ሥርዓቱን ሁላችን እናውቀዋለን። ዘመድ ይጠራል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ጎረቤት በጨለማ ይሰበሰባል፤ ገና ሳይነጋ፣ ሰውየው አፉን ሳይታጠብ፣ ሆዱ ምንም ሳይቀምስ በሩ ይንኳኳል። የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይቆማል፤ ውሃ ይዘጋጃል። ያን ጊዜ ግን በቀይ ሽብር ለሞተ ማን ሽማግሌ ይሆናል? በር ላይ አምስት ሰው ከቆመ ስብሰባ ነው። ያለቀሰች እናት አብራው እንዳመፀች ትቆጠራለች። የንስሐ አባቴ ምክር «ወንድማቸው ከአገር ይምጡ፣ ከዚያ በኋላ ይነገራል» የሚል ነበር። ወንድማቸው ምንጃር ናቸው፤ የይለፍ ወረቀት ካላገኙ አይንቀሳቀሱም። እሳቸውን መጠበቅ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዳይመጡም ጸለይኩ።

አምስት ወር እንዲህ ሄደ። በየማለዳው የምሳ ዕቃው ክዳን ሲገጥም ቀጭ ይላል። ከእንቅልፌ የምነቃው በዚያ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የጫማቸው ኮቴ፣ ቀጥሎ የቆርቆሮው በር። እኔ ፊቴን ወደ ሚካኤል አዙሬ እጸልያለሁ፤ የምጸልየው ግን ዛሬ ሌላ ሰው እንዲነግራቸው ነበር። አንድ ቀን የልጁን ሌላ ሹራብ አምጥተው «በዚያው በሰማያዊው ክር አድርጊልኝ፤ ሲወጣ ሁለቱ አንድ ይሁኑለት» አሉኝ። ሰፋሁላቸው። ከዚያ ወዲህ ከሳቸው ጋር ማዕድ መቅረብ ፈራሁ። ጾሙን ሳበዛ «አንቺ የሰቆጣ ሰው፣ ሰማይ ቤት ቀድመሽኝ ልትገቢ ነው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። «ወይስ ሸሸሽኝ?» ብለውም ጠይቀውኛል፤ አንድ ጊዜ፣ እየሳቁ።

በሰኔ መጀመሪያ ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ለፈፈ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ከወዳጅ አገር ከዩጎዝላቪያ የመጣ ፊልም ይታያል፤ ሕዝብ እንደ ነፍሱ የሚወዳት የአንዲት የሰርብ ባላገር ዘፋኝ ታሪክ ነው፤ የቀረ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም። አዳራሹ የአንድ ሀብታም የተወረሰ መጋዘን ነው፤ መስኮቱ ብዙ ነው፤ ለፊልም ይጨልም ዘንድ መሸፈኛ ያስፈልጋል። እኔ የት እንደምሠራ ስለሚያውቁ ያረጁ ብርድ ልብሶች እንዳስመጣ ታዘዝኩ። አለቃዬን ጠይቄ ዐሥራ ሁለት አመጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወንዶቹ በሚስማር ሲመቱአቸው ቆሜ አየሁ፤ ሰማያዊው ክር በቀዳዳው የገባውን ብርሃን ይዞ ይታያል።

ያን ቀን ምሳ ዕቃው አልወጣም። ማለዳ ቀጭ የሚለውን ስጠብቅ ቀረ። እማማ «ቀሪ እንዳይይዙብን ብዬ ነው፤ ነገ አደርስለታለሁ» አሉኝ። ወደ አዳራሹ ስንሄድ ክንዴን ያዙ። በመጨረሻው ረድፍ አካባቢ፣ ግድግዳው ሥር ተቀመጥን። «ዛሬ ከጎኔ አትራቂ» አሉና እጃቸውን እጄ ውስጥ አስገቡ።

ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ንግግር አደረገ። ወንድማማች ሕዝቦች ስለመሆናችን ተናገረ። ዘፋኟ በዘፈነች ቁጥር እንድናጨበጭብ አዘዘን። «ሞቅ አድርጋችሁ! እዚያ ድረስ እንዲሰማ!» አለ። አጠገባችን የተቀመጠችው ጠላ ሻጭ ጎረቤታችን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዩጎዝላቪያ ድረስ? እኔ እኮ ልጄን ጠርቼ ከማዶ አይሰማኝም» አለች።

የሚተረጉምልን አንድ ጎልማሳ ነበር፤ እዚያ አገር ተምሮ የመጣ፣ አውሮፕላን ጥገና የሚሠራ። ማይክራፎን ይዞ ከማሽኑ አጠገብ ቆመ።

ፊልሙ ደስ ይል ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ልጅቱ እንደ ኮክ ያለ ፍሬ ስትለቅም እያንጎራጎረች አባቷ በጥፊ መታት። «ተዋት አንተ!» አለች ጠላ ሻጯ ተነሥታ፤ «ድምፅ ያላት ልጅ ናት!» አዳራሹ ሳቀ። ልጅቱ አድጋ መዝፈን ስትጀምር ድምፅዋ እንደ ጅረት እየተንቀጠቀጠ ወረደ። አንድ የጎጃም ሽማግሌ ዘበኛ «ይቺማ የኛ ናት። ቃሉ ነው እንጂ የፈረንጅ፣ ይሄ እንጉርጉሮ ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስትዳር ደግሞ ጢሙን ያስረዘመ ካህን መስቀል ይዞ ሲወጣ ሴቶቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ብድግ አልን። እኔ አማተብኩ። «ኦርቶዶክስ ናቸው እንዴ?» «ይባርኩን አባ!» እያለ ሰዉ ሲንሾካሾክ ሊቀመንበሩ ማይክራፎኑን ነጥቆ «ይሄ የድሮው ሥርዓት ነው! ቁጭ በሉ! አሁን ቀርቷል!» አለ። ቁጭ አልን። ጠላ ሻጯ «ቀርቷል ካለ ለምን ያሳየናል?» አለች። እማማ ሲስቁ ሰማኋቸው። ከአምስት ወር ወዲህ እንዲህ ከልባቸው ሲስቁ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ጦርነት መጣ። የዘፋኟ አንድ ወንድ ልጅ ጠመንጃ ይዞ ጫካ ገባ። እሷ በየከተማው ለቁስለኞች ትዘፍናለች። እዚህ ላይ ማሽኑ ሲንከራከር ብቻ ይሰማል፤ በጣራው ላይ ደግሞ ካፊያው።

አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ቁስለኞች ተኝተዋል፤ እሷ መድረክ ላይ ናት። ከመጋረጃው ኋላ አንድ ወታደር ገብቶ አኮርዲዮን ለሚጫወተው ሽማግሌ ወረቀት ሰጠው። አስተርጓሚው በዚያች በደረቀች ድምፁ ነገረን።

«ቴሌግራም ነው። ልጇ ሞቷል ይላል።»

ሽማግሌው አንብቦ መጋረጃው ኋላ ከቆመ ሌላ ሰው ጋር ተነጋገረ።

«ዘፈኗን ትጨርስ። ሰዉን እናሳዝናለን። በኋላ እንነግራታለን፣ ይላሉ» አለ አስተርጓሚው።

ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተውና ወደ መድረኩ ወጣ። አኮርዲዮኑን አነሣ። ፈገግ አለላት። እሷም ፈገግ አለችለትና መዝፈን ጀመረች።

ሕዝቡ ፈነዳ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

«ንገሯት እንጂ!»

«መርዶ ኪስ ውስጥ ይከተታል?»

«ሽማግሌ የለም ባገሩ? ዘመድ የላትም?»

«እሱ እኮ ሽማግሌ ነው! ዕድሜህ ይጥፋ! ነጭ ፀጉርህን አያሳፍርህም?»

«ታስዘፍናታለህ? የልጇ ሬሳ ሳይቀበር ታስዘፍናታለህ? የሰው ሥራ ነው ይሄ?»

«እየሳቀባት ነው! እዩት፣ ጥርሱን እያሳያት ነው!»

እኔ ነበርኩ ኪሴ ውስጥ የያዝኩት። በየማለዳው እንደምን አደሩ እያልኩ፣ ባዶውን ዕቃ እያየሁ ተመስገን እያልኩ፣ ለሹራቡ ክር እየመዘዝኩ። የሚሰድቡት ያን ፈረንጅ ነው፤ ስድቡ ግን አንድ በአንድ እኔ ላይ ያርፋል። ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላየሁም። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

መድረክ ላይ ያለችው ዘፈኑን ጨረሰች። ቁስለኞቹ አጨበጨቡላት፤ ድገሚልን አሏት። እኛ ዘንድ አንድም ሰው አላጨበጨበም። የታዘዝነውን ጭብጨባ የነሣነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሽማግሌው ደግሞ አኮርዲዮኑን ከፈተ፤ እሷም ደግማ ልትዘፍን አፏን ስትከፍት፣ ከኋላዬ፣ በግራ በኩል፣ አንዲት ሴት ተነሥታ ጮኸች።

«ልጅሽ ሞቷል! አንቺ እናት፣ ልጅሽ ሞቷል!»

ድምፁ የወጣው ከመጨረሻው ረድፍ ነው። ጠላ ሻጯ አይደለችም፤ እሷ ከጎናችን ናት። የማን እንደሆነ አላወቅሁትም፤ ዞሬም አላየሁም። ማየት ነበረብኝ። ግን አንገቴ እምቢ አለኝ።

እማማ እጃቸውን ከእጄ አላወጡም። ይህን ነው እስከ ዛሬ የማልችለው። ቢያወጡት፣ ቢገፉኝ፣ ፊቴን ቢቧጥጡት ይሻለኝ ነበር። በቀኛቸው እኔን እንደያዙ በግራ እጃቸው ነጠላቸውን ፈቱና ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው አንገታቸው ላይ አደረጉት፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ቀስ ብለው ነው ያደረጉት። ልክ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ እንደሚያስተካክሉት።

«ብርሃን አብሩ! ማናት? ማናት የጮኸችው?» ሊቀመንበሩ ነበር። ማሽኑ ቆመ። አምፖሉ በራ።

ዝምታው ሲረዝም ጠላ ሻጯ ተነሣች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኛ እኮ ሴትዮዋ ትስማ ብለን ነው።»

«ፊልም ይሰማል? ፊልም አይሰማም!»

«ታዲያ ጭብጨባችን እዚያ ድረስ ይሰማል ብለውን አልነበር?»

ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ሞተ። ሊቀመንበሩ ዓይኑ በረድፉ ላይ ሲሄድ የእማማን ነጠላ አየ። ልጃቸው ማን እንደሆነ ያውቃል። የልጁ ስም ያለበት ዝርዝር በእጁ አልፏል። አፉን ሊከፍት ሲል ጠላ ሻጯ ቆማ እንዳለች የራሷን ነጠላ ፈታችና ጥለቱን ወደ ላይ አዞረችው። ከፊታችን ያለችው ሴት አዞረች። ከሷ ጎን ያለችው አዞረች። ወሬው በነጠላ ከረድፍ ወደ ረድፍ ሄደ። እኔም አዞርኩ፤ ከሁሉም ዘግይቼ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ።

«ለዘፋኟ ነው ጓድ» አለች ጠላ ሻጯ። «ልጇ ለአብዮት ሞተባት አላላችሁንም? እኛ አገር ወዳጅ ሲሞትበት እንዲህ ነው።»

ሊቀመንበሩ ሊያስር አልቻለም፤ ሊስቅም አልቻለም። ለወዳጅ አገር ሐዘን ማዘንን የሚከለክል ደንብ አልነበረውም። «አጥፉ ብርሃኑን» አለ በመጨረሻ። የቀረውን ፊልም ማንም አላየም፤ በጨለማው ውስጥ የሰማሁት ሁሉ የሴቶች ሳግ ነው። አንዷ ስታቆም ሌላዋ ትጀምራለች። ሁሉም ለዘፋኟ ነበር።

በካፊያው ወደ ቤት ተመለስን። በሩ ላይ ስንደርስ እማማ «ነገ ማለዳ ቀስቅሺኝ» አሉ። «ሳይነጋ። ኪዳን አብረን እንሄዳለን።»

ቀስቅሺኝ ብለውኝ አያውቁም። እሳቸው ናቸው የሚቀሰቅሱኝ።

ገና ጎሕ ሳይቀድ በራቸውን አንኳኳሁ። «ግቢ» አሉ። ነቅተው ኖሯል። ዱካ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው፣ ነጠላቸውን እንዳዞሩት ተቀምጠዋል። ፊታቸውን አልታጠቡም። አጠገባቸው ውሃ የሞላ ጣሳ ነበር። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀና ብለው አዩኝ።

ገባኝ። ማንኛዋም ሴት ይገባታል። ዘመድ የለም፤ ሽማግሌ የለም፤ ስለዚህ ሌላውን ሁሉ እሳቸው አሰናድተውልኛል። የቀረው አንድ ቃል ነው፤ እሱ ብቻ ለኔ ተትቷል።

በሩ ላይ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ። የሥራ ጓደኛዬ ያለችኝን ሁሉ፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሹራቡን፣ ምላሴ ላይ አገኘሁት። ከውጭ የሚካኤል ደወል ተደወለ።

«ተደወለ እማማ» አልኳቸው። «እንሂድ፣ እንዳንዘገይ።»

ትንሽ ጠበቁኝ። ሌላ ነገር እጨምር እንደሆነ ዓይኔን አዩት። ከዚያ «እሺ ልጄ» አሉና በጣሳው ውሃ ፊታቸውን ታጥበው ተነሡ።

በሚቀጥሉት ሦስት ቀናት ሴቶቹ አንድ አንድ እያሉ መጡ። ንፍሮ በሳህን ሸፍነው ይመጣሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ መንገደኛ እንዲሰማ ጮክ ብለው «ለዘፋኟ ነው!» ይላሉ፤ ገብተው ከእማማ ጎን ይቀመጣሉ፤ ምንም ሳያወሩ ይሄዳሉ። የሰፈሩ ልጆች ሳይቀሩ ሰኞ ላይ «የፈረንጅቷ ለቅሶ» እያሉ ያወሩ ነበር። ማክሰኞ እማማ ምሳ ዕቃውን በአመድ ፈትገው አጠቡት፤ እንደ አዲስ አብለጭልጨው ሰጡኝ።

«አንቺ ያዥበት። ሩቅ ነው የምትሠሪው፤ ባዶ ሆድሽን አትዋዪ።»

ለብዙ ዓመት ምሳዬን በዚያ ይዤ ሄድኩ። ማለዳ ክዳኑን የምገጥመው እኔ ሆንኩ። ቀጭ ሲል እማማ ከክፍላቸው ይሰሙታል። ያ ድምፅ ምን እንደሚላቸው አላውቅም፤ ሌላ ዕቃ ልገዛ እችል ነበር፤ የሰጡኝን አለመያዝ ግን እንደ ሌላ ውሸት ሆነብኝ።

እሳቸው ዳግም ስለ ልጁ አላነሡም። ተዝካሩን በዓመቱ አወጡለት፤ ያወጡት ግን ፊልሙ በታየበት ዕለት ነው። ቀኑ እሱ አይደለም። አምስት ወር ቀድሞ ነው። ትክክለኛውን ቀን እዚያ ከነበርነው ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ዳቦውን ቆርሼ ለነዳያን ሳድል፣ በልቤ አይደለም፣ አይደለም እያልኩ አደልኩ።

እኔን ራሴን ደግሞ ጊዜው ሲደርስ አገኘኝ። ሰቆጣ ያለችው እናቴ አርፋ፣ መንገዱ በጦርነት ተዘግቶ፣ ወሬው አዲስ አበባ ገብቶ፣ የአገሬ ሰዎች ሁሉ እያወቁ ስምንት ወር ደበቁኝ። ማለዳ ተሰብስበው ሲመጡ ከሁሉ ፊት የቆሙት እማማ ናቸው፤ በሥርዓቱ፣ ሳልታጠብ፣ በጥሩ ቃል ያረዱኝ እሳቸው። ስወድቅም የያዙኝ እሳቸው። ከለቅሶው በኋላ በነዚያ ስምንት ወራት የሳቁልኝን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ አስታወስኩ። እማማ በነዚያ ወራት አልሳቁልኝም ነበር። ዓይኔን ማየት እየከበዳቸው ቶሎ ቶሎ ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር። ምናልባት በነዚያ አምስት ወራት እኔም ለእሳቸው እንደዚያው ታይቻቸው ይሆናል። ምናልባት ከመጀመሪያው ቀን ፊቴ ላይ አንብበውታል።

መንግሥት ከመለወጡ ሁለት ዓመት ቀድመው አረፉ። ከዚያ በኋላ ብዙ እናቶች የልጆቻቸውን አጽም ሲያስለቅሙ እሳቸው አልነበሩም። በመጨረሻዎቹ ቀኖቻቸው አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ ልነግራቸው ነበር። ግንባራቸውን ስጠርግላቸው «እማማ፣ አንድ ነገር» አልኳቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጄን ፈልገው ያዙትና «ሰምቻለሁ» አሉ። ሌላ አላሉም። ከማን? መቼ? ያን ጠይቄ አልጨረስኩም፤ አሁንም የምጠይቀው እሱን ነው።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ያን ቅዳሜ በዚያ አዳራሽ ለነበራችሁ ነው። ብዙዎቻችሁ አርጅታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁ ከአገር ወጥታችኋል፤ ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን እንኳ ከዚህ ዓለም የለችም፤ ነፍሷን ይማር። በመጨረሻው ረድፍ በግራ በኩል ተቀምጣ የነበረች፣ ወይም የጮኸችውን ሴት ያየ ሰው ካለ፣ እባካችሁ አንድ ነገር ንገሩኝ። የተናገረችው ለፊልሙ ዘፋኝ ነበር ወይስ ለእማማ? ለእማማ ከሆነ፣ ያን መርዶ ከኔ ወስዳ፣ በሊቀመንበሩ ፊት፣ ብቻዋን ተናግራዋለች ማለት ነው፤ የክርስትና ስሟን ብቻ ላኩልኝ፣ ከእማማ ስም ጎን አስቀድሼ አሳስባታለሁ። ለዘፋኟ ብቻ ከሆነም ንገሩኝ። አትደብቁኝ። ማለዳም አትጠብቁ፤ ሰውም አትሰብስቡ።